እንዳታጠፋው

ቱሉ ዲምቱ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሥራስ እንዴት ይዞሃል? ሐዋሳ ዘንድሮ ወባ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ፤ አጎበሩን ትዘረጋለህ ወይስ እንደ ልጅነትህ ሞቀኝ ብለህ ትገፍፈዋለህ? በእኛ ጊዜ ደብዳቤ ሲጻፍ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ ይባል ነበር። እኔ ከናፍቆትህና ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን ሐኪሙ አገላብጦ አየና እርጅና ነው አለኝ። ይህን ለመስማት ሦስት ሰዓት ተሰልፌ ነበር።

ደብዳቤ ሲደርስህ ደንግጠህ ይሆናል። አይዞህ፣ አልታመምኩም፣ የሞተ ሰውም የለም። በስልክማ በየበዓሉ እንገናኛለን። አንተ እንደምን አደሩ፣ ጤናዎ እንዴት ነው ትላለህ፤ እኔ ደህና፣ አንተስ እላለሁ፤ ከዚያ ተመራርቀን እንዘጋለን። የዘንድሮውን ገና በሰዓት ያዝኩት፤ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ሆነ። ፋብሪካ ውስጥ ብረት እየቀረጸ ቶርኖ ላይ ሠላሳ ዓመት የቆመ ሰው ጡረታም ቢወጣ መለካት አይተውም። አሁን የምነግርህ ነገር በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለማያልቅ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ኮንዶሚኒየሙ የደረሰኝ ጊዜ እንኳን ደስ አለዎት ብለህ ደውለህልኝ ነበር፤ ቤቱን ግን አላየኸውም። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሁለት መኝታ አለው። ውሃ ማክሰኞና ዓርብ ይመጣል፤ ደረጃው እሱንም እንደ እኔ ሳይከብደው አይቀርም። በአንደኛው መኝታ እኔ እተኛለሁ። በሁለተኛው አንድ አልጋ አንጥፌ ትቻለሁ። አንሶላውን በወር አንዴ አጥበዋለሁ፤ የተኛበት ሰው ግን የለም። ቀን ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጬ ለታክሲ የሚሰለፈውን ሰው አያለሁ። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል ሳልናገር የሚመሽበት ቀን አለ። ያን ጊዜ ዜና አንባቢው እንደምን አመሻችሁ ሲል እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ እመልስለታለሁ፤ ድምፄ እንዳለ የማውቀው በዚያ ነው።

ሀይረዲንን መቼም አልረሳኸውም። ሳሪስ አቦ ከእኛ ግቢ ፊት ለፊት ሱቅ የነበራቸው የስልጤው ሰውዬ ልጅ፣ ጓደኛህ። አሁን እኔ ባለሁበት ብሎክ ሥር ስልክ ይጠግናል። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ናዕማ እህቱ ናት፤ ለዘመድ ሠርግ ወደ ሐዋሳ ስለምትወርድ ለመንኳት።

ባለፈው ሰኔ ስልኬ ቻርጅ አልይዝ ብሎኝ ወረድኩ። ሀይረዲን ከፍቶ እያየው ሳለ የልጅዎን ጌም ጭነውታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የምን ጌም አልኩት። አለማወቄን ሲያይ እሱ አፈረ፣ እኔም አፈርኩ። ከዚያ ወሬውን ለመቀየር ብሎ ይመስለኛል፣ ስልኩን ጠግኖ ሲሰጠኝ ጌሙንም ጭኖልኝ ነበር። መቼስ ልጄ የሠራውን ነገር ከጎረቤት መስማቴ ቆጭቶኛል፤ አልዋሽህም። ለማን ብሎ ይነግረኛል ብዬም ለራሴው መለስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አገኘሁ። ሀይረዲን እንዳስረዳኝ፣ አንተ ሆን ብለህ የድሮዎቹን የቲቪ ጌሞች አስመስለህ ነው የሠራኸው፤ ሥዕሉ በትንንሽ ካሬ የተለጠፈ፣ ድምፁም ጢው ጢው የሚል። አንዲት መንኮራኩር ከግራ ወደ ቀኝ ትበራለች፣ ከፊት የሚመጣውን ትተኩሳለች፣ በቃ። ቀላል መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ያናደደኝ ማቆሚያ የሌለው መሆኑ ነው። እጄን ባነሳም መሬቱ ከሥሬ ይሄዳል። ትንሽ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይቻላል፣ ያለፈውን ቦታ ግን ተመልሶ ማየት አይቻልም። ይህን የፈጠረ ሰው ምን ያለ ክፉ ነው ብዬ ነበር፣ አንተ መሆንህን እያወቅኩ።

እየለመድኩት ስመጣ ግን ማየት ጀመርኩ። ከኋላ ያለው ተራራ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ከፊት ያለው ቧንቧና ምሰሶ ይሮጣል። ሚኒባስ ውስጥ በመስኮት ስታይ እንደዚያ ነው፤ የመብራት እንጨቱ ይሮጣል፣ የሬር ተራራ ግን አብሮህ ይጓዛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንት ጊዜ ከሞትኩ በኋላ ነው ያ ተራራ የሬር ራሱ መሆኑን ያወቅኩት። የአቃቂ ድልድይም አለ። የእኛ ፋብሪካ ጭስ ማውጫዎችም አሉ፣ አንደኛው አጠር ያለው ሳይቀር። የድሮው ባቡር ሃዲድም አለ። ሰፈራችንን ወስደህ ሰማይ ላይ ዘርግተኸዋል።

ደግሞ ጥይት ክንፏን ቢነካት አትሞትም፤ የምትሞተው መሃሏ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ስትመታ ብቻ ነው። ይህን ሳውቅ ከጥይቶቹ መሃል እየተሽሎከለኩ ማለፍ ቻልኩ። ልኩን በሚሊሜትር ያሰበው ልጅ የእኔ ነው ብዬ ብቻዬን ኮራሁ። ቢጫ ኳስ ስይዝ ደግሞ አንዲት ትንሽ ብርሃን ከኋላዬ ትመጣለች። የሄድኩበትን ትንሽ ዘግይታ ትሄዳለች፣ ስተኩስ ትተኩሳለች። አምስት ዓመት ሳለህ ጠዋት ጠዋት እስከ ፋብሪካው በር ድረስ እንዲህ ትከተለኝ ነበር። ታዲያ አንድ ጥይት ነጯን ነጥብ ከነካ ብርሃኗም የያዝኩት መሣሪያም ይወሰድና ባዶ እጄን እጀምራለሁ። ሀይረዲን የድሮ ጌም ጭካኔው እንዲህ ነበር ይላል።

የሦስተኛው ደረጃ፣ ስቴጅ የሚሉት፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ትልቅ ብረት ሳይ ግን ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሀይረዲን ቦስ ይለዋል። ግራ እጁን እየጎተተ ይመጣል፣ በግራ እጁ ላይ ያሉት ጣቶች ሦስት ናቸው። ማሽኑ የወሰደብኝን ሁለቱን ጣቶቼን ሳትረሳ ቀንሰህልኛል። ቁጣውም የእኔው ነው፤ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይጮሃል፣ ከዚያ ወዴት እንደሚተኩስ አያውቅም። እስካሁን ራሴን ሁለት መቶ ጊዜ ሳልገድለው አልቀረሁም። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ይላል።

መስከረም ላይ አምስተኛው ስቴጅ ደረስኩ። እዚያ ድምፁ ጠፋ። ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ በዚያ ጉልበት አራት ፎቅ ወረድኩ። ሀይረዲን የእርስዎ ብቻ አይደለም ብሎ ሰዎች የጻፉትን አስተያየት አነበበልኝ። አምስተኛው ላይ ድምፅ ይጠፋል፣ አስተካክሉት ይላሉ። አብዛኛው ሰው ተበላሽቷል ብሎ እዚያ ላይ ትቶታል። አብሮኝ ጎንበስ ብሎ ሊያስተካክለው ሲሞክር እኔ ሥዕሉን አየሁት። ኮከብ የለም። የሚያልፈው የድንኳን ምሰሶ ነው፤ አንዱ ያልፋል፣ ሌላው ይመጣል። ከኋላ አንድ ትልቅ አራት ማዕዘን ነገር አለ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ሳሎን የነበረው ቴሌቪዥናችን ነው፤ እናትህ የሞተች ቀን ሴቶቹ ነጠላ ጣል አድርገውበት ነበር። ሀይረዲን፣ አትድከም፣ አልተበላሸም አልኩት። የለቅሶ ቤት ስለሆነ ነው ድምፅ የሌለው።

ያን ስቴጅ ያለፈ ሰው ብቻ ነው የስሞቹን ዝርዝር የሚያየው። እኔ ያየሁት በኅዳር ነው። አሥር መስመር አለው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ፊደል ብቻ። ጌሙን የሚጫወት ሁሉ የሚያየው ያንኑ አንድ ዝርዝር ነው አለኝ ሀይረዲን። አንደኛው መስመር ላይ እማዬ ይላል፤ ነጥቧ ስልሳ አንድ ሺህ ሁለት መቶ።

ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። አለች። ሀይረዲን እያየኝ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ከሚበይደው ነገር ላይ ሳያነሳ፣ እርስዎ ቤት የነበረው የድሮው የጌም ማሽን እንዲህ አልነበረም አለ። ነጥብ የሚያስቀምጥበት ማስታወሻ የሚባል ነገር ስላልነበረው ሪከርዱ የሚቆየው መብራት እስካልተቋረጠ ብቻ ነበር፤ ከጠፋ ጠፋ። እናትህ ሆስፒታል የሄደች ቀን አንተ አጥሩ ሥር ጠርተኸው፣ እማዬ ሪከርድ ሰብራለች፣ ስመለስ እንቀጥላለን፣ እንዳታጠፋው ብላኛለች ብለህ እንደነገርከው ነገረኝ። ማታ ማታ መብራት እንዳይሄድ እሱ በእስልምናው አንተ በክርስትናህ ትጸልዩ ነበር። ሰፈራችን መብራት በሳምንት ሁለቴ ሳይሄድ አይቀርም ነበር። እሷ ሆስፒታል ከገባችበት እስከ ሣልስቷ ድረስ በነበሩት አሥራ ሁለት ቀናት ግን አንድም ጊዜ አልሄደም። ለቀስተኛው ሳይቀር እየተገረመ፣ የእናትህን ስም ጠርቶ ለሙሉአለም መብራቱም አዝኗል ሲል ሰምቻለሁ።

ሀይረዲን ይህን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይዞት ኖሯል። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ይቆጡ ነበራ አለኝ።

እንግዲህ ያን ቀን አንተም እኔም እናውቀዋለን፤ ግን ጽፈነው አናውቅም። የሣልስቷ ቀን ነበር። ድንኳኑ ሰው ሞልቶት ነበር፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ካሳሁን አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። አንዲት ሴት መጥታ ልጅህ እናቱ ክፍል ቴሌቪዥን ከፍቷል ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። ተነስቼ ገባሁ። የአልጋዋ ራስጌ ላይ ያለችው ትንሿ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን በርታለች፣ ድምፅ የላትም። አባዬ፣ እባክህ አታጥፋው አልክ። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። የጌም ማሽኑን በብብቴ ይዤ በድንኳኑ መሃል አልፌ፣ እናቱ አፈር ሳይደርቅላት ይጫወታል ብዬ ለሰው ሁሉ አሳየሁት። በሳምንቱ ለቆራሌው ሰጠሁት።

ያ ወሬ ስንት ዓመት እንደተከተለህ አውቃለሁ። አክስትህ በእናትህ ተዝካር ላይ እንኳ አንስታብሃለች። ከዚያ ወዲህ አባዬ ብለኸኝ አታውቅም። አንቱ አልከኝ። ሰው ሁሉ ምን የመሰለ ጨዋ ልጅ ነው፣ አባቱን አንቱ ይላል ብሎ አመሰገነህ። እኔ ግን በሩ እንደተዘጋብኝ ገብቶኝ ነበር።

ዝርዝሩን ካየሁ በኋላ አንድ ነገር ያዘኝ። እሷ አጠገብ ልጻፍ። ከእሷ ሥር፣ ሁለተኛው መስመር ላይ። አምስተኛው ካለቀ ጌሙ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ጥይቱ ግን ይፈጥናል። ሌላው ሰው ትቶት ስለሄደ ከእኔ ጋር የሚሽቀዳደም ብዙ አልነበረም። መጀመሪያ ስድስተኛ ሆንኩ፤ ተክሌ ብዬ ስሜን ጻፍኩ። ቀጥሎ አራተኛ። ሁለት ወር ሙሉ ቁርሴን እየበላሁ፣ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ስጫወት ከረምኩ። ጎረቤቶቼ ስልክ ላይ ሴት አግኝቷል ብለው ሳያሙኝ አልቀሩም።

የጥምቀት ማግስት ከሰዓት በኋላ፣ ብሎኩ ውስጥ መብራት ሄዶ ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ ሳለ፣ የመጨረሻዋ ነፍሴ ላይ ሆኜ ነጥቤ ስልሳ ሺህ ዘጠኝ መቶ ደረሰ። አንድ ብረት ከፊቴ መጣ፤ አምስት መቶ ነጥብ ያስገኛል። ብመታው እናትህን አልፋታለሁ። ማለፍ ይቻል እንደሆነ፣ ወይም አንተ ማንም እንዳያልፋት አድርገህ ሠርተኸው እንደሆነ አላውቅም፤ ለማወቅም አልፈለግኩም። አውራ ጣቴን አነሳሁ። ብረቱ መጥቶ መታኝ።

ሦስት ፊደል አስገባ አለኝ፣ ሠላሳ ሰከንድ መቁጠር ጀመረ። ተክሌ ልል ነበር፤ ከሚስቴ ሥር ስሜን እንደ መዝገብ ቤት መጻፍ አስጠላኝ። አባዬ ልል ነበር፤ ያ ደግሞ ሰው ለራሱ የሚጽፈው ስም አይደለም። ሰከንዱ እያለቀ ነበር። ማረኝ ብዬ ጻፍኩ።

ሁለት ቀን አላየሁትም፣ ፈራሁ። በሦስተኛው ቀን ከፈትኩት። አንደኛ እማዬ። ሁለተኛ ማረኝ። ሦስተኛው መስመር ላይ አዲስ ስም ገብቷል፤ አባዬ ይላል። ነጥቡ ከእኔ በአሥር ያነሰ ነው።

ሀይረዲንን ጠየቅኩት፣ በአላህ ብሎ ማለልኝ፤ እሱ አይደለም። የሌላ ሰው ልጅ ሊሆን ይችላል። አባቱን አባዬ የሚል ስንት ሰው አለ። ግን በአሥር ነጥብ ብቻ ማነስ በአጋጣሚ የሚመጣ አይመስለኝም፤ እንዲህ የሚሆነው አንድ ሰው እንደ እኔ አውራ ጣቱን ሲያነሳ ነው። ቀኑን ሙሉ ስከፍት ስዘጋ ዋልኩ። በስልክ ደውዬ አንተ ነህ ወይ ብልህ፣ አንተም ምኑን ብትለኝ ምን ይውጠኛል? አልደወልኩም።

ልጄ፣ የጻፍከው አንተ ከሆንክ ልነግርህ የሚገባ ነገር አለ። ባልነግርህ ይሻለኝ ነበር። ምናልባት አባቴ ሳያውቅ ነው ያደረገው፣ የምጫወት መስሎት ነው ብለህ ይሆናል የማርከኝ። አልመሰለኝም። እንዳልተጫወትክ አይቻለሁ። ጆይስቲኩ መሬት ላይ ነበር፣ ገመዱ ተጠቅልሎ። አንተ አልጋዋ ጠርዝ ላይ እጆችህን በጉልበቶችህ መሃል አድርገህ ተቀምጠህ ታይ ነበር። ቴሌቪዥኗ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል ነበር፤ የማሽን ጽሑፍ ሳነብ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ሦስት ፊደል አያቅተኝም። ኢ፣ ኤም፣ ኤ፤ እማ ይላል። ከሥሩ ያንተ ስም፣ ከሥሩ እንደገና የእሷ፣ ከሥሩ ያንተ። አሥሩም መስመር የሁለታችሁ ነበር።

እሷ ታማ በተኛችባቸው ወራት እኔ ትርፍ ሰዓት እሠራ ነበር። ለመድኃኒቷ ነው እል ነበር። የእሷን መዳከም ማየት ስለፈራሁ ነው። አንተ ልጅ ሆነህ ያልፈራኸውን እኔ ፈርቼ ፋብሪካ አመሸሁ። እናንተ ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ ስትስቁ፣ ስትሽቀዳደሙ ከርማችኋል። ያን ዝርዝር ሳይ እኔ የትም እንዳልነበርኩ አየሁ፤ እሱ ነው ያናደደኝ። ሲጠፋ ለዘላለም እንደሚጠፋ አላውቅም ነበር፣ ይህን እምልልሃለሁ። የእሷ እንደሆነ ግን አውቄ ነው የነቀልኩት። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ወጥቼ በልጄ ላይ ዋሸሁ፣ ሰው እንዲያምነኝም ጮህኩ።

ይህን ካነበብክ በኋላ ያን ሦስተኛ መስመር ብታጠፋው አልቀየምህም። አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሳታውቅ የሰጠኸኝን ይዤ ከምኖር አውቀህ ብትወስደው ይሻላል ብዬ ነው የጻፍኩልህ። ለአክስትህ ትናንት ደውዬ እውነቱን ነግሬያታለሁ፤ አለቀሰች፣ ከዚያ ሰደበችኝ። ጋሽ ካሳሁን በሕይወት አሉ፣ እሁድ ሳሪስ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።

እግዚአብሔር ከወባውም ከክፉ ሰውም ይሰውርህ። የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፣ አሥሩንም ጣቶችህን ይጠብቅልህ። የእናትህን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ናዕማን ሻይ ጋብዛት፣ ደብዳቤውን አላነበብኩትም ብትልህ እመናት፣ አጥብቄ ለጥፌዋለሁ።

እዚህ ላይ ምን ብዬ እንደምፈርም ሳስብ ብዙ ቆየሁ። ለጊዜው የማይካደውን እጽፋለሁ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ስልኬ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል፤ አላጠፋውም።

አባትህ